ምናልባት ያውቋት ይሆናል

የመሬት ቀያሹ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጥቶ የማኅበሩን ቢሮ በር ሳያንኳኳ ሲከፍት፣ ሲስተር ሰኞ የሚበተኑትን ወረቀቶች እያጠፈች ነበር። ቅዳሜ ነው፤ ስምንት ሰዓት ገና አልሞላም። ከታች ከፎቶ ኮፒ ቤቱ የማሽኑ ጉርምርምታ ይሰማል። መስኮቱ ክፍት ሆኖ እንኳ ክፍሉን የቀለምና የትኩስ ወረቀት ሽታ ሞልቶታል።

ሰውየው አልቅሷል። ዓይኑ ደም መስሏል፤ ፊቱ ግን ያበራል። ከተዋወቁ ሰባት ወራቸው ነው፤ እንዲህ ሲያበራ አይታው አታውቅም።

«ተገኘች!» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ሚጣ ተገኘች! እህቴ በሕይወት አለች!»

ሲስተር በእጇ የያዘችው ወረቀት ግማሽ ታጥፎ ቀረ።

ስልኩን አፍንጫዋ ሥር አመጣላት። የተከፈተው «ጎረቤት» ነው፤ ከተማው ሁሉ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ የሚከፍተው የማኅበራዊ ትስስር ገጽ። ከላይ «ምናልባት ያውቋት ይሆናል» ይላል። ከሥሩ የአንዲት ወጣት ፎቶ አለ። ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች፤ ስሟም ሌላ ነው፤ ከኋላዋ የልብስ ስፌት መኪናና የሱቅ ሰሌዳ ይታያል።

«ስሟን ቀይራለች እንጂ ራሷ ናት። ቅንድቧ ላይ ያለችውን ጠባሳ እዪያት፤ ከብስክሌት ላይ የጣልኳት ጊዜ የተረፈቻት ናት። አሥራ አንድ ወር ሙሉ የውሃ ሽታ ሆናብኝ፣ ያላንኳኳሁት ሆስፒታል፣ ያልሄድኩበት ፖሊስ ጣቢያ የለም። ዛሬ በገዛ እግሯ ስልኬ ላይ መጣች! እዪያት እንጂ!»

ሲስተር ማየት አላስፈለጋትም። ያንን ፊት ላብ አጥምቆት፣ ጥርሱን ነክሶ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ሲያምጥ አጠገቡ ቆማ አይታዋለች።

የሰውየው ደስታ ገና አልበረደም። ጣቱ ከፎቶው ሥር ወዳለችው ደቃቃ መስመር ወረደ። «የጋራ ትውውቅ፦ አንድ ሰው» ትላለች። ነካት። ብቅ ያለው ፎቶ የሲስተር ነው፤ ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ፈገግ ብላ።

ቀያሹ ፎቶውን አየ። ቀና ብሎ እሷን አየ። እንደገና ፎቶውን አየ። ብርሃኑ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲሸሽ ሲስተር ቆማ ተመለከተች።

«መሃላችን ያለሽው አንቺ ነሽ» አለ በሹክሹክታ።

ሰው በቁሙ እንዴት እንደሚበርደው ሲስተር ያን ጊዜ አወቀች።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ሲስተር በአንድ የእናቶች ክሊኒክ አዋላጅ ነርስ ናት። ከዓመት ተኩል በፊት የዳኛው ልጅ ሚጣ ከአንድ ሹፌር ፀነሰች። አባቷ በጡረታ የተገለሉ ትልቅ ዳኛ ናቸው፤ ልጆቻቸው እንኳ ከኋላቸው ሲያሟቸው «ዳኛው» ነው የሚሏቸው። ሹፌሩን በአንድ ቀን አባረሩት። ልጅቷን ላይኛው ፎቅ ክፍል ውስጥ ቆለፉባት፤ ሕፃኑ ሲወለድ ማንም ሳያይ ለማያውቁት ቤት ሊሰጥ፣ እሷም እንዳልወለደች ሆና ልትኖር። ሦስት ወር ተቆልፋ ቆየች። በስምንተኛ ወሯ በመስኮት ወርዳ ጠፋች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሐሰት ስም ሲስተር እጅ ላይ ወንድ ልጅ ተገላገለች።

«ለማንም አትንገሪብኝ» አለቻት በወለደች ማግስት። «ለወንድሜም ቢሆን። ወንድም ጋሼ ክፉ አይደለም፤ ግን አባባን ይፈራል። የክፍሌን ቁልፍ በኪሱ ይዞ የሚዞረው እሱ ነበር።»

ሲስተር ቃል ገባች። አምስት ሰዓት የመኪና መንገድ በሚርቅ ከተማ ውስጥ የልብስ ስፌት ሥራ አገኘችላት፤ የሚጣን ስልክ ቁጥር መዝግባ፣ ሕፃኑን ሲያስለው እየደወለች ስትመክራት ቆየች።

ከዚያ ነው ቀያሹ የመጣው። የክሊኒኩን ግቢ ለማስፋት መሬቱን ሊለካ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተሸክሞ መጣና፣ የሁለት ቀን ሥራ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ሲስተርም ምክንያቱን ሳትጠይቅ ገባት። ሀብታም ቤት ተወልዶ ጭቃ በጭቃ ሆኖ የሚውል፣ ሲስቅ አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው። ወደደችው። በሦስተኛው ወር ከኪስ ቦርሳው ውስጥ የጠፋች እህቱን ፎቶ አውጥቶ ሲያሳያት ግን ክው አለች። ያን ቀንም ዝም አለች፤ ከዚያ ወዲያም አራት ወር ዝም አለች። ስለ እህቱ ባወራ ቁጥር ሻይዋ በእጇ ላይ ይቀዘቅዛል።

«ጓዳችን» የተባለው ማኅበር ውስጥ የገባችው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። አንዲት ልጇ ሞቶ የተወለደባት እናት አንድ ቀን እያለቀሰች መጣችና «ይኼ ጎረቤት የሚሉት ነገር አጠገቤ ተኝታ የነበረችውን ሴትዮ ከነሕፃኗ ያሳየኛል። እኔና እሷ አንድ ክፍል እንደተኛን ማን ነገረው?» አለቻት። ሲስተር ሌሊቱን ስታሰላስል አድራ ጠዋት ደረሰችበት። የነገረው የእሷ ስልክ ነው። ገጹን ስትከፍት ሳታነብ «እስማማለሁ» ብላ ነክታለች፤ በስልኳ ውስጥ ያሉትን እናቶች ሁሉ አንድ በአንድ ወስዶ፣ እርስ በርስ ሲያስተዋውቃቸው ከርሟል።

ቁጥሮቹን አጠፋች። ገጹ ግን የወሰደውን አልመለሰም። ሦስት ጊዜ ጻፈችለት፤ ሦስቱንም ጊዜ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣላት። ያን ጊዜ ነው ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ያለውን ደረጃ የወጣችው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሠላሳ አንድ ዓመት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ሁሉም «እትዬ ላይብረሪ» ይሏቸዋል። ማን ምን መጽሐፍ እንደተዋሰ ለባልም፣ ለፖሊስም ሳይናገሩ የኖሩ ናቸው። ፊርማ ማሰባሰብ የጀመሩት ሰባት ሆነው ነው፤ አሁን ፊርማው አርባ ሦስት ሺህ ደርሷል። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ገጹ የሰውን የስልክ ማውጫ መዝረፉን ያቁም። ሰኞ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሁለቱንም ወገን ሊሰማ ቀጥሯል።

ጎረቤት ግን እስከ ሰኞ አልጠበቀም። ከሐሙስ ጀምሮ «ምናልባት ያውቋቸው ይሆናል» የሚለውን ለሁሉም ሰው፣ የፈለገውም ያልፈለገውም እንዲያየው አድርጎ ከፈተው።

«አራት ወር!» አለ ቀያሹ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን ሳለቅስ፣ ትከሻዬን ይዘሽ አይዞህ ስትዪኝ፣ የት እንዳለች ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሞታለች ብዬ ነበር እኮ! አንድ ቀን የማትታወቅ ልጅ ሬሳ አለ ብለውኝ አብረሽኝ ሄደሻል። በር ላይ ቆመሽ ጠብቀሽኛል!»

«ያን ቀን ልነግርህ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር…»

«ታዲያ ምን ዋጠው?»

«ቃል ገብቼላት ነበር» አለች ሲስተር። «የእኔ ምስጢር ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን አላሳድረውም። የእሷ ነው።»

«እኔ ወንድሟ ነኝ!»

«ቁልፉን የያዝከውም አንተ ነህ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ልትመልሰው ፈለገች። ቀያሹ በጥፊ እንደተመታ ሰው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጭቃ የነካውን ጫማውን ያይ ጀመር።

«እሷ ነግራሽ ነው?»

«አዎ።»

«ሌሊት በሩን ትቆረቁር ነበር» አለ። «በቀስታ። ወንድም ጋሼ፣ ወንድም ጋሼ እያለች። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ትራሴን ጭንቅላቴ ላይ እጭን ነበር።»

ሲስተር ልትጠጋው አንድ እግሯን አነሳችና ቆመች። የሆነ ነገር በጭንቅላቷ ውስጥ ብልጭ አለ።

«ዳኛው ጎረቤት አላቸው?»

ቀና ብሎ አያት።

«አባትህ! ስልካቸው ላይ ይኼ ነገር አለ ወይ?»

«እኔ ነኝ የጫንኩለት። ጡረታ ከወጣ በኋላ እንዳይሰለቸው…»

«የእኔስ ቁጥር እሳቸው ስልክ ላይ አለ?»

መልስ አላስፈለገውም። ከሁለት ወር በፊት ዳኛው ምሳ ጠርተዋት፣ መንገዱ የጠፋት እንደሆነ ብለው በገዛ እጃቸው መዝግበውታል። ሁለቱም እኩል ወደ በሩ ዞሩ። አንድ ላይ ሮጡ፤ ግን እጅ ለእጅ አልተያያዙም።

የሚጣን ቁጥር ሲስተር ከስልኳ ካጠፋችው ቆይታለች፤ በቃሏ ግን ታውቀዋለች። ታክሲው ውስጥ ሆና አራት ጊዜ ደወለች። አራቱንም ጊዜ ጠራ፤ አልተነሳም።

ዳኛው በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል፤ ጫማቸው ተወልውሏል፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ልጃቸውና ሲስተር እያለከለኩ ሲደርሱ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ግቡ፣ ግቡ። ምነው እንዲህ አለከለካችሁ? ሻይ ይምጣላችሁ?»

«አባባ…» አለ ቀያሹ።

«ተቀመጥ። አንቺም ተቀመጪ፣ ልጄ።» ዳኛው ስልኩን በሁለት ጣታቸው ብድግ አድርገው አሳዩአቸው። «ይኼ ልጄ የጫነልኝ ነገር መጀመሪያ ጊዜ ማባከኛ መስሎኝ ነበር። ለካ ሞኝ ነበርኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስፈርድ ምስክር ፍለጋ የጻፍኩት መጥሪያ መጋዘን ይሞላል። ይኼ ግን መጥሪያ አይል፣ ማመልከቻ አይል፤ ጠዋት ከጋዜጣው ቀጥሎ ቁርስ ላይ ሰው ያቀርብልሃል።»

ስልኩን ወደ ሲስተር አዞሩት።

«አንቺንም አገኘሁሽ» አሏት በደግ ድምፅ። «እዚያው መሃል ላይ ቁጭ ብለሽ። ቤቴ ገብተሽ፣ ማዕዴ ላይ ተቀምጠሽ፣ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ምስጢር ጠባቂ ሴት ነሽ። ልጄ ሚስት ቢያደርግሽ አልከፋም ነበር።»

«እርስዎ ምን ሊያደርጓት ነው?»

«ልጄ አይደለችም እንዴ? ቤቷ ትመለሳለች። ሕፃኑም የሚሄድበት ቤት ድሮም ተዘጋጅቶለት ነበር፤ ዘገየ እንጂ አልቀረም።» ሰዓታቸውን አዩ። «የሱቁ ሰሌዳ ከኋላዋ ይነበባል። የወንድሜን ልጆች ስድስት ሰዓት ላይ ልኬያቸዋለሁ። እስከ አሥራ አንድ ይደርሳሉ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል።

«አባባ፣ ደውልና መልሳቸው።»

«ተቀመጥ አልኩህ።»

ያኔ ሲስተር አንድ ነገር አየች። የቀያሹ ጉልበት በልማድ ታጠፈ። ሠላሳ አራት ዓመት ያንን ድምፅ ሲታዘዝ የኖረ ጉልበት ነው፤ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ወደ ወንበሩ ዝቅ አለ። አይ፣ አለች በሆዷ፤ ዛሬም ቁልፉን ሊይዝ ነው።

ቀያሹ ግን ወንበሩ ላይ ሳይደርስ ቆመ። ቀስ ብሎ ተቃና። አባቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ደረጃውን ወረደ። ሲስተር ተከተለችው። ከኋላቸው የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ ተሰማ፤ እንዲያ ዓይነት ረጋ ያለ ድምፅ ሰምታ እንዲያ ፈርታ አታውቅም።

ሚጣ ስልኩን ያነሳችው በሰባተኛው ጥሪ ነው። የዳኛው ግቢ አጥር ሥር ቆመው ነበር።

«ማን ልበል?» አለች። የስፌት መኪናው ከኋላዋ ይንቋቋል።

«ሚጣዬ፣ እኔ ነኝ፤ ሲስተር። ስሚኝ፣ አትደንግጪ። አባትሽ ያለሽበትን አውቀዋል። የአጎትሽ ልጆች መንገድ ላይ ናቸው።»

መኪናው መንቋቋቱን አቆመ። ዝምታው ውስጥ አንድ ሕፃን ለራሱ ያወራል።

«ነገርሻቸው?»

«እኔ አልነገርኳቸውም! ገጹ ነው፣ ስልኬ ውስጥ የነበረውን ቁጥርሽን ወስዶ…»

«ስልክሽ ያንቺ አይደለም እንዴ?» አለች ሚጣ። አልተቆጣችም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ሲስተር አሥር ጊዜ በአደባባይ የተናገረችው፣ በወረቀት የበተነችው ነገር ሁሉ ለዚያች ጥያቄ መልስ አልሆናትም።

ቀያሹ ስልኩን ከእጇ ወሰደ።

«ሚጣ፣ እኔ ነኝ።» እዚያ ማዶ ትንፋሽ ቆመ። «አትዝጊው። ያን ጊዜ ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስትቆረቁሪ እሰማሽ ነበር። አሁን ይቅርታ የምልበት ጊዜ የለም፤ ተነሺ። ልጁን ይዘሽ ውጪ። ይህን ስልክ እዚያው ጥለሽው ሂጂ። የት እንደምትሄጂ ለማንም እንዳትነግሪ። ለሲስተርም፤ ለእኔም። በተለይ ለእኔ።»

የሕፃኑ ድምፅ ራቀ፤ አንድ ነገር መሬት ላይ ወደቀ፤ መስመሩ ተቋረጠ።

«ሰምታኛለች?» አለ።

«አላውቅም።»

እንደ ቆሙ ቀሩ። ትከሻቸው ሊነካካ ትንሽ ቀርቶታል፤ ማንኛቸውም ግን ያንን ትንሽ ርቀት አልደፈሩትም።

እሑድ ጠዋት ቀያሹ ወደ ክሊኒኩ መጣ። ከበሩ አልገባም። ሲስተር ጋውኗን እንደለበሰች ወጣች።

«የአጎቴ ልጆች ተመልሰዋል» አለ። «ብቻቸውን ናቸው። ግን የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ የሕፃን ኮፍያ አየሁ። የሱፍ። ሰማያዊ።»

ሲስተር ግድግዳውን ተደገፈች። ኮፍያውን የሠራችው ራሷ ነች።

«ምን ማለት ነው?»

«ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። አባባም ኮፍያውን ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።» ዓይኑን ከእሷ አሸሸ። «እስከ ሰኞ አትፈልጊኝ።»

«ለምን? ወዴት ልትሄድ ነው?»

ሲስተር ጀርባው ከመንገዱ ጥግ እስኪታጠፍ ቆማ አየችው። እናቶች ሲያምጡ «እስቲ ጥሪኝ፣ እጄን ያዥ» የምትል ሴት፣ ያን ቀን እሷ የምትጠራው ሰው እንደሌላት ተሰማት።

የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አዳራሽ ሰኞ ጠዋት ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። እትዬ ላይብረሪ ፊርማዎቹን በሰባት ካርቶን አስጭነው ፊት ለፊት ደርድረዋል። ዳኛው ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ዳር ወንበር ይዘው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ሲስተር ስታያቸው ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጧት።

የጎረቤት ጠበቃ ፊቱ ጥርስ በጥርስ የሆነ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው።

«ክቡራን፣ እኛ ሰዎችን እናገናኛለን። ወንጀላችን ይኸው ነው» አለና ካርቶኖቹን በእጁ ጠቆመ። «አርባ ሦስት ሺህ ፊርማ ቀርቧል። እሺ። የተጎዳ ሰው ግን የት አለ? አንድ ሰው ያሳዩን። አንድ!»

እትዬ ላይብረሪ ወደ ሲስተር ዞሩ። ዓይናቸው ሊጠይቃት አልደፈረም። ሲስተር የምታውቀው ሁሉ የታካሚዎቿ ነው፤ ብትናገር ራሷ የምትከሰውን ነገር ልትሠራ ነው። ባትናገርም ሚጣ ምን ላይ እንደወደቀች ሳይታወቅ ነገሩ ይዘጋል። ብድግ አለች። «እኔ…» አለች።

«እሷ አትናገርም» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ። «የሰው ምስጢር አለባት። የምናገረው እኔ ነኝ።»

ቀያሹ የሜዳ ቦት ጫማውን እንዳደረገ በመሃል መተላለፊያው መጣ። በአባቱ አጠገብ ሲያልፍ አላያቸውም።

«አንድ የተጎዳ ሰው ብለዋል» አለ ጠበቃውን። «እኔ የተጎዳሁ አይደለሁም፤ የጎዳሁ ነኝ። እህቴን ሦስት ወር ክፍል ውስጥ ስንቆልፍባት ቁልፉ በእኔ ኪስ ነበር። አመለጠችን። አንዲት ሴት ሸሸገቻት። ያቺ ሴት እኔን…» ወደ ሲስተር ዞረ። «እኔን የምትወደኝ ናት። ፊቷ ተቀምጬ እያለቀስኩ እንኳ እህቴ ያለችበትን አልነገረችኝም። ቅዳሜ ይህን ሳውቅ ጠልቻት ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በእግሬ ስዞር አሰብኩበት። ልክ ነበረች። እኔ ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ አባቴ ፊት አንድ ቀን አልጸናም ነበር።»

ጣቱን ወደ ጠበቃው ዘረጋ።

«እሷ ፊቷ ቀርቤ ሳለቅስ ያልሰጠችኝን እናንተ ሳልጠይቃችሁ ሰጣችሁኝ። ለአባቴም ሰጣችሁት። ዛሬ እህቴና ልጇ የት እንዳሉ፣ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ሰው ያሳዩን ላሉት፣ ይኸው።»

ሲስተር ቀና ማለት አልቻለችም። እንባዋ በጉልበቷ ላይ፣ በማኅበሩ ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል፤ «የምትወደኝ ናት» ያለው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ አልወጣ አለ። ከጎኗ ጥላ ሲያርፍባት ቀና አለች። ዳኛው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን አድርገው ለመውጣት ተነስተዋል።

«ይፈርዱላችሁ ይሆናል» አሏት ቀስ ብለው። «እኔ እንደሆነ አልቸኩልም፣ ልጄ። ጡረተኛ ሰው ነኝ፤ ጊዜ አለኝ።»

ከቀትር በኋላ መሥሪያ ቤቱ ወሰነ። ጎረቤት አዲሱን አሠራር ለዘጠና ቀን እንዲያቆም ታዘዘ። ሰዉ አጨበጨበ፤ ተቃቀፈ። እትዬ ላይብረሪ ብቻ ካርቶኖቻቸው አጠገብ ቁጭ ብለው «ከሐሙስ እስከ ዛሬ የታየውንስ ማን ከሰው ዓይን ይመልሳል?» አሉ። ሲስተርና ቀያሹ በጭብጨባው መካከል ተያዩ፤ ደስታው የሌላ ሰው ሠርግ መሰላቸው።

የሚጣ ደብዳቤ የመጣው በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ቀያሹ ከአባቱ ቤት ወጥቶ ነበር፤ ከሥራ መልስ ማኅበሩ ቢሮ መጥቶ ወረቀት ያጥፋል። ሲስተርም አጠገቡ ታጥፋለች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ላይብረሪ ፖስታውን በእጇ አስይዘዋት «እኔ ሻይ ልጠጣ» ብለው ወጡ።

የልብስ ቅድ የሚወጣበት ወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነበር።

«ሲስተር፣ ደህና ነን። መኪናቸው ከፊት ሲቆም እኔ በጓሮ ነው የወጣሁት። ኮፍያው ስሮጥ ወደቀ፤ ልጁ ግን አልወደቀብኝም። ተቀይሜሽ ነበር። መንገድ ላይ ሳስበው፣ ሕፃኑን ስታዋልጂኝ እጅሽን ነክሼው እንኳ ያልጮህሽ ሰው መሆንሽ ትዝ አለኝና ተውኩት። ወንድም ጋሼን ሰምቼዋለሁ በዪው። ይህን ብቻ በዪው፤ ይበቃዋል። ስልክ አልያዝኩም። መልስ አትጻፉልኝ።»

ቀያሹ ሁለት ጊዜ አነበበው። ሦስተኛውን ማንበብ አልቻለም፤ ወረቀቱን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ሲስተር ከዚያ ከቅዳሜው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ጀርባው ላይ አሳረፈች። አልሸሸም። ወደ እጇ ዘመም አለ።

ሲረጋጋ ዓይኑን ጠረገና ጠረጴዛውን አየ። ፖስታው እዚያ ተቀምጧል፤ ቴምብሩ ላይ የተላከበትን ከተማ ስም የያዘው የፖስታ ቤቱ ማኅተም ግማሹ ይታያል። ዓይኑ እዚያ ላይ ቆመ። አንድ መስመር አይቶ አገር ምድሩን የሚያውቅ የቀያሽ ዓይን ነው።

ሲስተር መዳፏን ማኅተሙ ላይ ጫነች።

ተያዩ። ልትለው የፈለገችው ብዙ ነበር፤ አላምንህም ማለቴ አይደለም፣ እወድሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። እጇ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ተነስቶ ይሄዳል ብላ ጠበቀች።

«አባባ አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቶ ፊቴን ቢያይ ያውቅብኛል» አለ ቀያሹ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ውሸት አይሆንልኝም።»

«አውቃለሁ።»

«እንዳላይ አድርጊው» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

ሲስተር ፖስታውን ገልብጣ፣ እሷም ማኅተሙን ሳታየው፣ ያንን ጥግ ቀደደችው። ቀደደችና ደግማ ቀደደችው፤ እንደ ዱቄት እስኪደቅ። ከታች የማሽኑ ጉርምርምታ ቆሟል፤ መንገዱ ላይ የሚያልፈው ሰው ድምፅ ሁሉ የሚያዳምጥ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። ያ ፍርሃት ከዚህ በኋላ አብሯቸው እንደሚኖር ገባት።

«አለቀ» አለችው። «ዓይንህን ክፈት።»

ቀያሹ አልከፈተም። እጁን ጠረጴዛው ላይ እየዳበሰ ጣቶቿን ፈልጎ አገኛቸውና አጥብቆ ያዛቸው።

«ትንሽ ልቆይ» አለ።

እንባ በተጨፈኑት ሽፋሽፍቶቹ መካከል መንገድ አግኝቶ ወረደ። ሲስተር ጎንበስ ብላ የተጨፈነ ዓይኑን ሳመችው፤ እየፈራች፣ ከዚህ በፊት ወዳው በማታውቀው መውደድ።